ለበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመጃ የሚሆን ልብስ፦ ከድሬ የሚገዛውና እዚያ ደርሶ የሚገዛው

ለድሬ ልጅ ብርድ የሚጀምረው ደንገጎ ላይ ነው። ወደ ሐረር የሚወጣው መኪና ጠመዝማዛውን ጨርሶ አናቱ ላይ ብቅ ሲል መስኮት ይዘጋል፣ ከቦርሳ ሹራብ ይወጣል። ከዚያ የባሰ ብርድ አብዛኞቻችን አናውቅም። ስለዚህ ልጃችን ወይም ወንድማችን ወደ ሚኒሶታ፣ ወደ ኤድመንተን ወይም ወደ ዊኒፔግ ሲሄድ ታይዋን ገበያ ገብተን የምንገዛለት ጃኬት ለደንገጎ የሚሆን ጃኬት ነው።

እኔ እስካሁን ከዘመድም ከጎረቤትም ሰባት ሰው አልብሼ ሸኝቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለበስኳቸው ተሳስቼ ነው። ለእህቴ ልጅ በ3 ሺህ 500 ብር የገዛሁለት ጃኬት ወፍራም፣ ከባድ፣ ጥቁር "ሌዘር" ነበር። ሻጩ "ይሄማ ለአላስካ ነው አቦ!" ሲለኝ አመንኩት። ያ ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ በመጀመሪያው ጥር ክርኑ ላይ እንደ ድርቆሽ ተሰነጣጠቀ። ልጁ ቅር እንዳይለኝ ብሎ ዓመት ሙሉ ደብቆኛል። ስሰማ ከገንዘቡ ይልቅ ያን ብርድ እንዴት እንዳሳለፈው እያሰብኩ ነው ያዘንኩት።

ያው ልጅ አሁን ሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በረዶ ሆኖ የረጋ ሐይቅ ላይ ይወጣል፤ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው፣ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዳሉ። እኛ ሐይቅ በእግር ሲረገጥ ያየነው ሐረማያ በደረቀ ጊዜ ነው፤ እነሱ ጋ ግን ውሃው ከሥር እያለ ከላይ ይረገጣል። ባለፈው ዓመት ደውሎ "አጎቴ፣ ለበረዶ ዓሣ የሚለበሰው ሙሉ ልብስ 500 ዶላር ነው ይሉኛል። ድሬ አይገኝም?" አለኝ። እኔ እዚህ የድሬን ገበያዎች ቀፊራንና ታይዋንን፣ ሐረርንም ዞርኩ፤ እሱ ደግሞ እዚያ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ከዚህ በታች ያለው በየፊናችን ያገኘነው ነው።

ዓሣ የማጥመድ ሐሳብ የሌለው ሰውም ቢያነበው ይጠቅመዋል። ይህ ልብስ የተሠራው ሳይንቀሳቀስ ብርድ ላይ ለሚውል ሰው ነው። በር ላይ የሚቆም ጥበቃ፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ፣ ማለዳ አውቶቡስ የሚጠብቅ ተማሪ፣ የሁሉም ችግር አንድ ነው። ሰውነታቸው ስለማይሠራ ራሱን አያሞቅም።

## ብርዱ በቁጥር

በሚኒያፖሊስ የጥር ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ግድም ነው፤ በዊኒፔግ ከዜሮ በታች 16 ግድም። ይህ አማካዩ ነው፤ ሌሊት ከዜሮ በታች 20ን አልፎ የሚወርድባቸው ቀናት ብርቅ አይደሉም። ሐይቅ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚገታ ዛፍም ግድግዳም የለም። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በሚያወጣው ሰንጠረዥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 28 ያህል ነው፤ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በረዶ ሊመታው ይችላል።

## ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ምን ይታይ?

ተቀምጦ መዋል። የበረዶ ሸርተቴ ጃኬትና የዓሣ አጥማጅ ጃኬት ከሩቅ ሲያዩአቸው መንታ ይመስላሉ። ሸርተቴ የሚጫወተው ሰው ግን ይሮጣል፣ ያልበዋል፤ ጃኬቱም ሳስቶ የተሠራው ለዚያ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሦስት አራት ሰዓት ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሙሌቱ ወፍራም መሆን አለበት። ጃኬቱ ወገብን አልፎ መቀመጫን ይሸፍናል፤ ሱሪውም ባለ ማንገቻ ሆኖ እስከ ደረት ይደርሳል። ያለዚህ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ወገብ ይገለጣል።

ውሃ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ጭምር። ብርድ ባለበት አገር የሚገድለው እርጥበት ነው፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይነጥቃል። ዓሣ አጥማጅ ቀዳዳው ዳር ይንበረከካል፣ እርጥብ ዓሣ ይይዛል፣ በረዶ ላይ ይቀመጣል። ጉልበቱና መቀመጫው ካልተጠበቀ የቀረው ዋጋ የለውም። መለያው ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር ካለ ጨርቁ ውሃን በደንብ ይቋቋማል ማለት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ስፌቱን ገልብጣችሁ እዩት፤ መርፌ የበሳው ሁሉ በቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ከውስጥ ካልተለበጠ ውሃው በስፌቱ ይገባል።

ነፋስ። ዚፑ ከላይ መደረቢያ ክዳን ይኑረው፣ ቆቡ ሲጠበቅ ፊትን ይቀፍ፣ የእጅጌው ጫፍ ይጥበቅ። ሌላው ትርፍ ነው።

መንሳፈፍ። አንዳንዱ የበረዶ ዓሣ ልብስ ውስጡ ስፖንጅ መሳይ ነገር ስላለው በረዶው ተሰብሮ ሰው ውሃ ውስጥ ቢገባ አያሰምጠውም። አብዛኞቹ "ለመንሳፈፍ ያግዛል" ይላሉ እንጂ የተመሰከረለት የሕይወት አድን ጃኬት አይደሉም፤ ይህን ልዩነት መለያው ላይ አንብቡ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ያስፈልጋል ይላል፤ መቶ በመቶ የሚታመን በረዶ እንደሌለም አብሮ ያሳስባል። ለቤተሰብ የምመክረው በዚህ ላይ ገንዘብ እንዳይቆጥብ ነው።

ዋጋ በዊንተር። ልብሱ የተገዛበትን ዋጋ ለሚለበስባቸው የብርድ ወቅቶች አካፍሉት። የኔ 3 ሺህ 500 ብር ለአንድ ዊንተር እንኳ አልበቃም። በ300 ዶላር ተገዝቶ አምስት ዊንተር የሚለበስ ልብስ ለአንዱ 60 ዶላር ያወጣል።

## ሳልቫጅ (ልባሽ ጨርቅ)፦ ቀፊራ፣ ታይዋንና ሸዋ በር

ድሬ ለሱፍ ግዢ እንዴት ያለ ጥሩ ከተማ እንደሆነ ሰው አያስተውልም። ቦንዳ ሲፈታ ሁሉም የሚሻማው ቲሸርትና ስስ ቀሚስ ላይ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ለብርድ ተሠርቶ የመጣ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ታች ይቀራል። በ35 ዲግሪ ሙቀት ማን ይለብሰዋል? ሻጩ ራሱ ቦታ ስለያዘበት እንዲሄድለት ይፈልጋል። እኔ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ ሲከር፣ ንጹሕ የሱፍ ሹራብ ከ300 እስከ 600 ብር ገዝቻለሁ። ያንኑ ዓይነት ሐረር ሸዋ በር ላይ ከዚያ በላይ ጠየቁኝ፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ማታ ማታ ሹራብ ትፈልጋለች። አዲስ አበባ በሐምሌ ጭራሽ አይሞከርም። የዚህ ሁሉ ምሥጢር አንድ ነው፦ ብርድ ልብስ ርካሽ የሚሆነው ሰው በማይፈልገው ቦታና በማይፈልገው ጊዜ ነው። ወደ አሜሪካው ገበያ ስንሄድም ይኸው ሕግ ይሠራል።

መለያው ተቀድዶ የወጣ ሹራብ ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አቃጥሉት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲፈጩት ይበናል። ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ጨሌ ጠጣር ይሆናል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ለመሃል ልብስ ሱፍ እንፈልጋለን፤ ቢረጥብም ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አይለቅምና።

ጃኬት ከሆነ ፈተናው ይጠብቃል። በጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ጠብታው ተንከባሎ ከወረደ ደህና ነው፣ ወዲያው ከሰመጠ ግን ሽፋኑ አልቋል። ውስጡን ገልብጡት፤ ነጭ ቅርፊት እየተላጠ እጅ ላይ የሚቀር ከሆነ የውሃ መከላከያው ረግፏልና በምንም ዋጋ አትግዙት። ጨርቁን አፍ ላይ አድርጋችሁ በኃይል ተንፍሱ፤ ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል ከወጣ ነፋስም እንደዚያው ይገባል። ሙሌቱ የዳክዬ ላባ ከሆነ ወደ ብርሃን አንሱት፤ አንድ ቦታ ተጓጉሎ ሌላው ባዶ ከሆነ እዚያ ባዶው ላይ ብርድ ይገባል። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ።

የጎደለውንም ልንገራችሁ። ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ደረሰኝ የለም፣ መመለስ የለም፣ ዛሬ ሞልቶ የታየው ዕቃ በሌላ ሳምንት ላይኖር ይችላል። ለበረዶ ዓሣ ተብሎ የተሠራ ሙሉ ልብስ ደግሞ በዚህ ሁሉ ዙረቴ አንድም አላገኘሁም። ያገኘሁት የሸርተቴ ሱሪ ነው፤ ሁለት ጊዜ፤ አንዱ ስፌቱ የተለበጠ ደህና ነገር ነበር። ለውጭው ልብስ ሳልቫጅን ተስፋ አድርጎ መሄድ ዕጣ መጠበቅ ነው።

## አዲስ ጃኬት ከድሬና ከሐረር ሱቆች

እዚህ ብዙ አልቆይም። ያየኋቸው አዳዲስ ወፍራም ጃኬቶች ከ3 ሺህ እስከ 7 ሺህ ብር ይጠየቅባቸዋል። መልካቸው ያምራል፤ ለአዲስ አበባ ሐምሌ፣ ለደብረ ብርሃን ማለዳም ይበቃሉ። ስፌታቸው የተለበጠ ግን አላገኘሁም፣ ሙሌታቸውም ስስ ነው። ቆዳ መሳዩን ሌዘር በፍጹም አትግዙ፤ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። አንድ ጃኬት ከአውሮፕላን እስከ ዘመድ ቤት ለማድረስ ከሆነ የሚፈለገው፣ ርካሹን ግዙና ያንን ብቻ ጠይቁት።

## መኪና ግርግር

ሐረር ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር የሚባለው በልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እዚያ ያሉት ሰፊዎች የበረዶ ልብስ ይሥሩ ማለቴ አይደለም። ውሃ የማያስገባ ጨርቅና የስፌት መለበጫ ማሽን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሌላ ሥራ ግን ከነሱ የሚበልጥ የለም፤ ከሳልቫጅ የተገዛውን ሱሪ ማሳጠር፣ የተበላሸ ዚፕ መቀየር፣ ላላ ያለ እጅጌ ጫፍ ላይ ላስቲክ ማስገባት፣ ከብርድ ልብስ ላይ ከተቆረጠ ፍሊስ የአንገት መሸፈኛና የውስጥ ካልሲ መሥራት። ለአንድ ዚፕ የከፈልኩት ጥቂት መቶ ብር ነው። የእህቴ ልጅ እዚያ ዋጋውን ሲጠይቅ ለዚፑ የተጠራለት ጃኬቱን ራሱን ያስገዛ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስፌቱ የተለበጠ ልብስ ካላችሁ ሰፊው አካሉ ላይ በመርፌ እንዳይነካው። እያንዳንዱ ቀዳዳ የውሃ መግቢያ ነው።

## ስለ ጋቢ

እናቶች ሻንጣ ውስጥ ጋቢ ይጨምራሉ፣ ይጨምሩም። ቤት ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ ናፍቆት ለሚያመው ልጅ ከጋቢ የሚበልጥ የለም። በረዶ ላይ ግን ከጃኬት ሥር እንዳይለበስ አደራ በሉት። ጋቢ ጥጥ ነው፣ ጥጥ ደግሞ ላብና ውሃ ጠጥቶ ይይዛል፤ ከረጠበ በኋላ ገላን ያቀዘቅዛል። የጥጥ ቲሸርትም፣ የጥጥ ካልሲም፣ ጂንስም እንደዚሁ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ልጆች ሆነን ጥጥን መክሰስ ይከብዳል፤ እዚያ ሐይቅ ላይ ግን ቦታው አይደለም። ገላን የሚነካው ልብስ ፖሊስተር ወይም ስስ ሱፍ ይሁን።

## እዚያ ያለው ልባሽ

ሚኒሶታም ሆነ ኤድመንተን ባለችበት አልበርታ ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያንቀሳቅሷቸው የልባሽ ሱቆች አሉ። ሳልቫጃችን የሚመጣው በከፊል ከነሱ ዓይነት ሱቅ ተርፎ ስለሆነ እዚያ ስትገዙ ከምንጩ እንደመጠጣት ነው። የሸርተቴ ጃኬት ከ15 እስከ 40 ዶላር ይገኛል፤ ስትለኩት፣ ስትገለብጡት፣ የተናገርኩትን የውሃ ፈተና ስታደርጉበት ማንም አይጮኽባችሁም። ዓሣ አጥማጅ ሙሉ ልብስ ግን እዚህ ሱቅ ላይ ብዙ አይቆይም፤ የሚያውቅ ሰው በጠዋት ያነሳዋል።

የተሻለው ከግለሰብ መግዛት ነው። ወደ ሞቃት ክፍለ ግዛት የሚዛወር ሰው፣ ልጁ ያደገበት፣ ማጥመዱን የተወ፣ ልብሱን በፌስቡክ ገበያ ያወጣዋል። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ሁለት ዓመት የተለበሰ የሚንሳፈፍ ሙሉ ልብስ በ160 ዶላር አግኝቷል። ስትገዙ ጉልበቱንና መቀመጫውን ጨምቃችሁ እዩ፤ ስፖንጁ ተጨፍልቆ የማይመለስ ከሆነ መንሳፈፉም ሙቀቱም ቀንሷል። ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ተገናኙ፣ ልብሱን በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።

## እዚያ አዲስ መግዛት፦ ወሩን መምረጥ

አዲስ የበረዶ ዓሣ ልብስ፣ ጃኬቱና ባለ ማንገቻ ሱሪው አንድ ላይ፣ የማይንሳፈፈው ከ200 ዶላር አካባቢ ይጀምራል፤ የሚንሳፈፈው ብዙ ጊዜ ከ350 እስከ 700 ዶላር ነው። 1 ዶላር በ150 ብር ሂሳብ ብናሰላው 500 ዶላር 75 ሺህ ብር ይሆናል። ለዚህ ነው ቤተሰብ ደንግጦ "ከዚህ ይገዛለት" የሚለው። ሂሳቡ ግን በሌላ በኩልም ይታይ፤ በሚኒያፖሊስ ከተማ የ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15.97 ዶላር ነበር። የ300 ዶላር ልብስ ከግብር በፊት የ19 ሰዓት ሥራ ነው፣ ከሁለት ቀን ተኩል አይበልጥም። እዚህ ያ ገንዘብ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ልዩነቱ የበለጠ ሰፍቷል። እናት ጥሪቷን አውጥታ እዚህ የማይሆን ጃኬት ከምትገዛ ልጁ እዚያ በራሱ ደመወዝ የሚሆነውን ቢገዛ ይሻላል።

ወሩን በተመለከተ ውድ የሚሆነው ዲሴምበርና ጃንዋሪ ነው፤ ያኔ ሁሉም ይፈልገዋል። በኖቬምበር መጨረሻ፣ ከምስጋና ቀናቸው ማግሥት ያለው የቅናሽ ዓርብ ጥሩ ነው፤ ያኔ ግን ለቅናሽ ተብለው የሚወጡ ስስ ዕቃዎችም ስለሚቀላቀሉ መመዘኛችሁን ይዛችሁ ግቡ። ትልቁ ዕድል ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል ያለው ነው። በሚኒሶታ ብዙ ሰው የሚያድነው ዎልአይ የተባለው ዓሣ በአብዛኞቹ የውስጥ ሐይቆች የማጥመጃ ወቅቱ የሚዘጋው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፤ ማርች ላይ አጥማጆቹ የሚጠለሉባቸው ጎጆዎች ከበረዶው ላይ እንዲነሱ ይታዘዛል። ሱቁም መደርደሪያውን ለጀልባና ለበጋ ዕቃ ይፈልገዋል። የእህቴ ልጅ ጃንዋሪ ላይ 480 ዶላር የተለጠፈበትን ልብስ ማርች አጋማሽ ላይ በ290 ገዝቶታል። ችግሩ የልብሱ ልክ ነው፤ መካከለኛው ቶሎ ያልቃል፣ የሚቀረው በጣም ትንሹና በጣም ትልቁ ነው። ትልቁ ለኛ ጉዳት የለውም፤ ከሥር ሱፍ ይገባበታል።

ግብሩንም አስቡ። ሚኒሶታ ለመደበኛ ልብስ የሽያጭ ግብር አታስከፍልም። አልበርታ የክፍለ ግዛት የሽያጭ ግብር የላትም፣ 5 በመቶ የፌዴራሉ ብቻ ነው። ማኒቶባ ግን 7 በመቶ በዚያ ላይ ትጨምራለች። ዊኒፔግ ያለ ሰው በ400 ዶላር ልብስ ላይ 48 ዶላር ይጨምራል ማለት ነው።

## የሚያምታቱ ተለዋጮች

የማቀዝቀዣ መጋዘን ሠራተኞች የሚለብሱት ቱታ አለ። ወፍራም ነው፣ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይገኛል፣ ቆሞ ለሚሠራ ሰው ከዓሣ አጥማጁ ልብስ አያንስም። የተሠራው ግን ለደረቅ ብርድ ነው፤ በረዶ ላይ ተንበርክኮ ጉልበቱ ከረጠበ ያበቃለታል፣ አይንሳፈፍምም። የሸርተቴ ልብስ ውሃ ይከላከላል፣ ሙሌቱ ይሳሳል፤ ከሥር ሁለት ሱፍ ከተለበሰ ለአጭር ቆይታ ይሆናል። ረጅሙ የላባ ካፖርት ለከተማ ግሩም ነው፤ ሐይቅ ላይ ላባው ከረጠበ ግን ይተኛል፣ ሙቀትም አይዝም።

## በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ያየነው ዋጋ | ተቀምጦ ለመዋል | ውሃ | መንሳፈፍ | ቢበላሽ መመለስ |
|---|---|---|---|---|---|
| የድሬ ሳልቫጅ፣ የሱፍ ሹራብ | 300–600 ብር | ለመሃል ልብስ በጣም ጥሩ | አይመለከተውም | የለም | የለም |
| የድሬ ሳልቫጅ፣ ጃኬት | 1,500–3,500 ብር | እንደ ዕድል | ተፈትኖ ብቻ | የለም | የለም |
| አዲስ ጃኬት ከድሬ ወይም ከሐረር | 3,000–7,000 ብር | ደካማ | ደካማ | የለም | በስምምነት |
| የልባሽ ሱቅ፣ እዚያ | 15–40 ዶላር | ከሱፍ ጋር ደህና | ብዙ ጊዜ ጥሩ | የለም | እንደ ሱቁ |
| የማቀዝቀዣ ቱታ | 100–200 ዶላር | በጣም ጥሩ | ደካማ | የለም | በደረሰኝ |
| ያገለገለ የዓሣ ልብስ ከግለሰብ | 160 ዶላር | ጥሩ | ተፈትኖ ጥሩ | ስፖንጁ ደህና ከሆነ | የለም |
| አዲስ የዓሣ ልብስ፣ ማርች ላይ | 290 ዶላር | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የሚንሳፈፈው ከተመረጠ | በደረሰኝ |
| ያው ልብስ፣ ጃንዋሪ ላይ | 480 ዶላር | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የሚንሳፈፈው ከተመረጠ | በደረሰኝ |

በብር የተጻፈው እኔ ገበያ ላይ የገዛሁበትና የተጠየቅሁበት ዋጋ ነው፤ ሲከራከሩ ይወርዳል።

## ማን ምን ይግዛ?

ገና የሚሄድ ሰው ካላችሁ፣ ኪሳችሁም ጠባብ ከሆነ፣ ከድሬ ሁለት የሱፍ ሹራብ፣ አንድ ፍሊስ፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲና የፖሊስተር የውስጥ ልብስ ግዙለት። አንድ ርካሽ ጃኬት ለመንገድ። ይህ ሁሉ ከ5 ሺህ ብር ብዙ አያልፍም፣ የሻንጣውንም ኪሎ አይበላም። ለጃኬት የታሰበው ቀሪ ገንዘብ ዶላር ሆኖ በኪሱ ይሂድ፤ በደረሰ በሳምንቱ እዚያ ካለው የልባሽ ሱቅ የሸርተቴ ጃኬትና ሱሪ ያግኝበት።

በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ የሚደርስ ከሆነ ምርጫ የለውም፤ የማርችን ቅናሽ ይጠብቅ ማለት በረዶ ይምታው ማለት ነው። ከዘመድ ይዋስ። የሐረርጌ ልጅ ሚኒሶታ ውስጥ ሞልቷል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የማይለበስ ጃኬት የሌለው ቤት የለም። እዚህ ያለን ሰዎች ልጁ ከመሄዱ በፊት ደውለን ብንጠይቅለት ነውር የለበትም፤ እሱ ግን ደርሶ ለመጠየቅ ያፍራል።

ሥራው ውጭ ቆሞ የሚያውለው፣ ሐይቅ የማይወጣ ሰው የማቀዝቀዣ ቱታው ይበቃዋል። ዝናብና እርጥብ በረዶ የሚመታው ከሆነ ግን የማይንሳፈፈውን የዓሣ አጥማጅ ልብስ ይምረጥ፤ በውሃ መከላከያው ትርፍ ያገኛል።

ሐይቅ ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ምንም አይግዛ፤ ከሚጋብዘው ሰው ይዋስ። በየቅዳሜው የሚወጣ ከሆነ የሚንሳፈፈውን ይግዛ፤ ገንዘቡ ካልበቃው ከግለሰብ ያገለገለውን፣ ካልቸኮለ የማርቹን። ጫማውን አትርሱ፤ እግር ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ነው። ጫማ ከዚህ ይዞ መሄድ አልመክርም፤ ለሁለት ካልሲ ቦታ የሚተው፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ እዚያ ተሞክሮ ይገዛ። ከአንገት የሚንጠለጠሉት ሁለት ሹል መውጊያዎችም ዋጋቸው ጥቂት ዶላር ነው፤ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው በረዶውን ቧጥጦ የሚወጣው በነሱ ነው።

የልክ ነገር በመጨረሻ ያስቸግራል። ከእስያ የሚመጣው ጃኬት "ኤክስ ኤል" ብሎ የአሜሪካን "ኤል" እንኳ ላያክል ይችላል፣ ስለዚህ ፊደሉን ትታችሁ ሜትር ያዙ። ልጁን ሁለት የሱፍ ሹራብ አልብሳችሁ ደረቱን፣ ወገቡን፣ ከብብት እስከ አንጓ ያለውን የእጅ ርዝመትና የውስጥ እግሩን ለኩና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አስቀምጡለት። ዘመድ ማርች ላይ ቅናሽ ሲያገኝ ደውሎ የሚጠይቀው እነዚህን አራት ቁጥሮች ነው።